እንግዳው አዲስ አበባ ነው ያለው

መስቀል ሲቃረብ መርካቶ ይቀዘቅዛል። ሸራ ተራና ምናለሽ ተራ ብዙ ሱቅ ይቆለፋል። የጉራጌው ባለሱቅ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ፣ ለእናት ነጠላ ለአባት ጋቢ ሸክፎ ወደ አገር ቤት ይወርዳል። መናኸሪያው ሰው በሰው ይሆናል። ከሌላ መስመር አውቶቡስ ተነሥቶ ይመደባል፤ እሱም አይበቃም። ከታሪፍ በላይ ሲጠየቅ ያጉረመርማል እንጂ የሚመለስ የለም። አረፋ ሲደርስ ያው ጉዞ ይደገማል፤ በተለይ ወደ መስቃን፣ ወደ ስልጤ፣ ወደ ቡታጅራና ወደ እንሴኖ። ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ቀስቃሽ፣ ቀኑን ጠብቆ ይህን ያህል ሰው ገንዘቡን ይዞ የሚንቀሳቀስበት ጉዞ በአገራችን ጥቂት ነው።

ስለ ቱሪዝም ልማት ስብሰባ ሲጠራ ግን ይህን ሰው የሚያነሳው የለም። የሚነሳው ሌላ ነው። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ተጠምታለች፤ ቱሪስት ማለት ምንዛሪ ይዞ ቦሌ የሚያርፍ የውጭ ሰው ነው፤ እሱን ለመሳብ ሎጅና ሪዞርት፣ ማስታወቂያና በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ ስም ያስፈልጋል፤ ይህ ከተሟላ ገንዘቡ እየወረደ እየወረደ ትንንሾቹ ከተሞች ጋ ይደርሳል። ይህን ከሚኒስትር እስከ ወረዳ ባለሙያ፣ ከባለሀብት እስከ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲደግመው እንሰማለን። መሠረቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የስህተቱን ዋጋ ደግሞ የሚከፍሉት እንደ እንሴኖ ያሉ ትንንሽ የገበያ ከተሞች ናቸው።

አስተሳሰቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ1950ዎቹ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም ድርጅት ሲያቋቁሙ የነበረው ሁኔታ ሌላ ነበር። ኢትዮጵያን ዓለም አያውቃትም፤ አገሬው ለመዝናናት የሚጓዝበት አቅምም መንገድም አልነበረውም። የ13 ወር ፀሐይ የሚለው መፈክር፣ በአየር መንገዱ አውሮፕላን ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ላሊበላና አክሱም የሚያዞረው ታሪካዊ መስመር፣ ለዚያ ዘመን ብልህ ሥራ ነበር። ሰውየው የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት መባላቸው ተገቢ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው። ከ50 ዓመት በኋላም መፈክሩን ምድረ ቀደምት ብለን ቀየርን እንጂ የምናየው ያንኑ ከአውሮፕላን የሚወርድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአፍሪካ አምስት ቀዳሚ የቱሪስት መዳረሻዎች አንዷ እንሆናለን ተብሎ ታቅዶም ነበር። ዓመቱ ሲደርስ ኮቪድ በሩን ዘጋው፤ በጥቅምት መጨረሻም የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። የላሊበላና የጎንደር አስጎብኚዎች፣ በቅሎ አከራዮች፣ የሆቴል አስተናጋጆች ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የሚበሉት አጡ። ገበያቸው በሙሉ የቆመው ከሩቅ በሚመጣ፣ ኤምባሲው አትሂድ ሲለው በሚቀር ሰው ላይ ነበርና።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንውረድ። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ወጥቶ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ በቅርስ የተሞላ ነው። መልካ ቁንጥሬ አለ፤ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት የነበሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሠሩበት ስፍራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጢያ አለ። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ ቅርጽ የተፈለፈለባቸው፣ ብዙዎቹ ጎራዴ የተሣለባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡ። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ ወደ 160 የሚጠጉ የትክል ድንጋይ ስፍራዎች መታወቃቸውን የዩኔስኮ መዝገብ ራሱ ይናገራል። ከቡታጅራ ትንሽ ወረድ ሲባል ደግሞ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው አረንጓዴው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ አለ። ከሥራችን ሐይቅ፣ ከራሳችን በላይ የዘቢዳር ተራራ።

የተለመደው አስተሳሰብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ጢያ ከ40 ዓመት በላይ የዓለም ቅርስ ሆኖ አካባቢውን ባበለጸገው ነበር። የሆነውን ግን መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የአስጎብኚ ድርጅቱ መኪና ጠዋት ከአዲስ አበባ ይነሣል፤ ጢያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ እንግዳው ፎቶ ያነሣል፤ ከዚያ ወይ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል ወይ ቡታጅራ ምሳ በልቶ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኦሞ ይቀጥላል። ክፍያው የተፈጸመው አዲስ አበባ ነው፤ መኪናው የአዲስ አበባ ነው፤ የታሸገው ውኃ ሳይቀር ከዚያው ተጭኖ መጥቷል። ለመንደሩ የሚቀረው የመግቢያ ትኬትና ለልጆች የተወረወረች ሳንቲም ናት። የተመዘገበ ስም ብቻውን ከተማ አያሳድግም።

እንሴኖ ደግሞ በዚያ ካርታ ላይ ጭራሽ የለችም። ከቡታጅራ ወደ ቆሼና ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። የማረቆ በርበሬ በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው፤ ያ በርበሬ የሚሰጣበት፣ የሚለቀምበት፣ በኩንታል የሚጫንበት አገር ይህ ነው። በአዲስ አበባ ምርጥ ወጥ የምትሠራ እናት የማረቆ ነው ብላ ተማምና የምትገዛውን በርበሬ፣ ከየት ማሳ እንደወጣ ሄዳ እንድታይ የጋበዛት ሰው ግን አለ? ከእንሴኖ ቀጥሎ ቆሼ፣ ከቆሼ ቀጥሎ ዝዋይ ነው። የደንበል ሐይቅ፣ ደሴቶቹ፣ የዛይ ሕዝብ፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋበታለች የሚባልበት የቱሉ ጉዶ ገዳም እዚያው ናቸው። በመልካ ቁንጥሬና በጢያ ወርዶ፣ ቡታጅራ አድሮ፣ በእንሴኖ አልፎ፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ በልቶ በሞጆ መመለስ ለአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የሁለት ቀን ጉዞ ነው። ፓስፖርት አይጠይቅም፤ የአውሮፕላን ትኬት አይጠይቅም። ይህን መስመር ጠርዞ የሚሸጥ ሰው የጠፋው ቱሪስቱ ፈረንጅ ነው ብለን ስለወሰንን ነው።

በመስቀል ሰሞን የሚሆነውን የኢኮኖሚ ባለሙያ ቆሞ ቢያየው ትምህርት ያገኝበታል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለበሬው ዕቁብ ጥለዋል። ሴቶቹ ቅቤ እየተፈራረቁ በሚሰበስቡበት ማኅበራቸው ለበዓሉ አከማችተዋል። ቤቱ ይለቀለቃል፣ አዲስ ጅባ ይነጠፋል፣ ቆጮው ከጉድጓድ ይወጣል። ባንክ አላበደራቸውም፤ ፕሮጀክትም አልተቀረጸላቸውም። ከከተማ የመጣው ልጅ ደግሞ በሬ ይገዛል ወይም ቅርጫ ይገባል፤ ባጃጅ ይከራያል፤ ለጣራው ቆርቆሮ፣ ለታናሹ የትምህርት ቤት ደብተር ይገዛል። ጣባ የምትሠራዋ ሸክላ ሠሪ፣ ቢላ የሚስለው ቀጥቃጭ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የጎመን ነጋዴዋ ሁሉም ድርሻ ያገኛሉ። ቀጥሎ በሶዶና በመስቃን አዳብና አለ፤ ወጣቶች አጊጠው በገበያ የሚገናኙበት፣ የሚጨፍሩበት፣ የሚተጫጩበት። በአረፋም ሙስሊሙ ቤተሰብ ከያለበት ተሰባስቦ ሽማግሌ ይመርቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ትዳር ይመሠረታል። ገንዘቡ ደላላ ሳይነካው፣ ከመርካቶ ሱቅ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የእንሴኖ ገበሬ እጅ ይገባል። ማንኛውም ሪዞርት ለመንደሩ ሕዝብ ይህን ያህል ቀጥተኛ መንገድ አልዘረጋም።

የኢትዮጵያ የመስቀል በዓል እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ብሎን ነበር። የተመዘገበው በዓል ዋና ባለቤት ግን ያው በመናኸሪያ የሚጋፋው መንገደኛ ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን ልስማ። በመጀመሪያ የሚሉት፣ ይህ ብር ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ማዛወር ነው፤ ለአገሪቱ የሚጨምረው የለም፤ እኛ የምንፈልገው ዶላር ነው የሚል ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገና ዋጋው ካሽቆለቆለ በኋላ ይህ ክርክር ይበልጥ ጠንክሯል። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ ኪስ ወደ እንሴኖ ኪስ ማዛወር ራሱ ልማት ነው። ሀብቱ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተከምሮ፣ የገጠሩ ወጣት ያንን ፍለጋ ወደዚያች ከተማ እየጎረፈ ባለበት አገር፣ ብርን ወደ ትንሽ ከተማ የሚመልስ ነገር ሁሉ ከባድ ሥራ እየሠራ ነው። ሁለተኛ፣ የዶላሩ ሒሳብ ራሱ በደንብ አልተሠራም። የውጭ እንግዳ ይዞት ከሚመጣው ዶላር ከፊሉ ለሎጁ ዕቃ፣ ለመኪናው፣ ለነዳጁ፣ ለመጠጡ ተመልሶ ይወጣል። በሌላ በኩል አቅም ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ለዕረፍት ዱባይ ሲሄድ ይዞት የሚወጣው ዶላር ነው። ያንን ቤተሰብ ሁለት ቀን ቡታጅራና ዝዋይ ማቆየት ከቻልን፣ ዶላር አለማውጣት ዶላር እንደማስገባት ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1999 ወርቃማ ሳምንት የሚባለውን ረጅም በዓል ስታውጅ የራሷን ሕዝብ ጉዞ ለኢኮኖሚዋ መነቃቂያ ማድረጓ ነበር። የእኛ ሕዝብ ወርቃማ ሳምንቱን ማንም ሳያውጅለት ይዞታል፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ሆኖ እንደ መዳብ ተቆጠረ እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ እነዚህ ሰዎች ቤተሰብ ጠያቂ ናቸው፤ ሆቴል አያድሩም፤ ትኬት አይቆርጡም፤ ስለዚህ ኢንዱስትሪ አይደሉም ይላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተቀመጠው አተረጓጎም፣ ከመኖሪያ አካባቢው ወጥቶ ከዓመት ላነሰ ጊዜ የሚጓዝ ሰው፣ ጉዞው ዘመድ ለመጠየቅ ቢሆንም፣ ጎብኚ ነው። ይህን ያወጡት ያው የምንመካባቸው ድርጅቶች ናቸው። ነገሩ ግን ከትርጉም በላይ ነው። ሆቴል የማያድሩት ንጹሕ አልጋ ስለሌለ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው የልጅ ልጅ አያቱ አርፈዋል፤ ቤቱ ተዘግቷል፤ አገሩን ማየት ይፈልጋል፤ የት ይደር? ከአሜሪካ የመጣችው ልጅ ጓደኞቿን ይዛ መስቀልን ማሳየት ትፈልጋለች፤ ስድስት ሰው እናቷ ቤት እንዴት ታስተኛ? እነዚህ ሰዎች ጠዋት ወርደው ማታ ይመለሳሉ፤ ወይም ይተዉታል። ፍላጎቱ አለ፤ ተቀባዩ ነው የጠፋው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚሄደው፣ መስከረም 21 ግሸን የሚወጣው፣ ለመውሊድ አብረት ሐድራ የሚተመው፣ ባሌ ድሬ ሼኽ ሁሴን ድረስ በእግሩ የሚጓዘው ሕዝብ ሁሉ ያው ነው። በሕዝብ ጉዞ ባለጸጋ የሆነች አገር፣ ተጓዥ ከውጭ ትለምናለች።

ባህሉ ይሸቃቀጣል የሚሉም አሉ። ሥጋቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ባህልን መድረክ ላይ አውጥቶ ለማያውቀው ሰው የሚያስጨፍረው የውጭ እንግዳን ብቻ የሚያስብ ቱሪዝም ነው። አገሩ የተመለሰ ልጅ የሚያየው በዓሉን ራሱን ነው። ሐሰት ከሆነም ወዲያው ያውቀዋል።

በትላልቅ ግንባታ ላይ ጠላትነት የለኝም። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ መሠራታቸው መንገድ አምጥቷል፤ ለብዙ ሰው ሥራ ሰጥቷል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ስትመረጥ የኮራነው ሁላችን ነን። ሆኖም ወንጪን ለዚያ ያበቃት ምን እንደነበር እንዳንረሳ። ሪዞርቱ ከመሠራቱ ብዙ ዓመታት በፊት የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው፣ ፈረስ በተራ እያከራዩ፣ በጀልባ እያሻገሩ፣ ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ የሚመጣውን ሰው ያስተናግዱ ነበር። እንግዳ መቀበል የለመደ ሕዝብ ቀድሞ ነበረ፤ ሕንጻው በኋላ መጣ። አሁን በየክልሉ የሚታየው ግን ሕንጻውን አስቀድሞ ሕዝቡን በኋላ መፈለግ ነው።

ስለ ሰላም ሳልናገር ብቀር ይህ ጽሑፍ ለእንሴኖ ሰው ከንቱ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ አካባቢ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ለዘመናት ተጋብቶ፣ በአንድ ገበያ ተገበያይቶ የኖረ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ቁስሉ ቶሎ አልሻረም። በዚያን ጊዜ ወደ እንሴኖ የሚወስደውን መንገድ የዘጋው የሪዞርት እጦት አልነበረም። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲፈራ አገር ልጅም አይመጣም፤ ባዕድማ ከየት ይመጣል። የአገር ውስጥ መንገደኛን ማስቀደም ለዚህም ይበጃል። የበዓል ተመላሹ የሰላሙን ልክ ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ በሰላሙም ላይ ከማንም የበለጠ ጥቅም አለው። የመስቃኑም የማረቆውም ልጅ መርካቶ አጠገብ ለአጠገብ ይነግዳሉ። በበዓል ሰሞን አገር ቤት ሽማግሌ ሰብስበው ዕርቅ ለማስቀጠል ከእነሱ የተሻለ አቅም ያለው የለም። ገቢያቸውና ገበያቸው በእንግዳ መምጣት ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሰላሙን የሚጠብቀው ሰው ቁጥር ይበዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚያስፈልገው በቢሊዮን የሚቆጠር በጀት አይደለም። ከመስቀልና ከአረፋ በፊት በቂ አውቶቡስ መመደብ፣ ታሪፉን በመናኸሪያው በር ላይ መለጠፍና ያለፈውን መቅጣት በዞንና በክልል ደረጃ የሚቻል ሥራ ነው። አዳብና በየትኛው ገበያ፣ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ቀድሞ ቢወጣ አዲስ አበባ ያለው ወጣት ጓደኞቹን ይዞ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ንጹሕ ሽንት ቤት ያስፈልጋል። ይህን አነስተኛ ነገር የሚንቅ ሰው ከልጆቹና ከእናቱ ጋር ረጅም መንገድ ተጉዞ አያውቅም። በእንሴኖ ሁለትና ሦስት ክፍል ለማከራየት ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብን አሠልጥኖ፣ ፍራሽና አንሶላ በብድር ሰጥቶ ማስጀመር ከአንድ ሎጅ ግንባታ በእጅጉ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። በርበሬውም በጆንያ ብቻ ከመውጣት ይልቅ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ፣ የማረቆ ተብሎ ስሙ ተጽፎበት በመንገዱ ዳር ቢሸጥ መንገደኛው ይዞት ይሄዳል። ጢያን የመሰለ ቅርስ ከሚያስገባው ገንዘብም ለአካባቢው ሕዝብ በሕግ የተቆረጠ ድርሻ ይሁን። ሩዋንዳ ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ 10 በመቶ በዙሪያው ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች ትሰጣለች። ጎሪላውን የሚጠብቀው ገበሬ ትምህርት ቤቱ ከየት እንደተሠራ ስለሚያውቅ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የውጭ እንግዳ አይምጣ አላልኩም። ይምጣ፤ በደስታ እንቀበለዋለን። የሚመጣው ግን አገሬው የሚሄድበት፣ አገሬው የሚተኛበት፣ አገሬው የሚበላበት ስፍራ ነው። ባዶ ሎጅ ውስጥ ብቻውን ከሚያድር ይልቅ ሰው በሞላበት ከተማ ማደር ይሻለዋል፤ ደኅንነቱም የሚታወቀው በዚያ ነው።

የጉራጌ ሕዝብ መንግሥት እስኪደርስለት ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሕዝብ አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ተደራጅተው፣ ከየሱቁና ከየሊስትሮ ሳጥኑ ገንዘብ አዋጥተው፣ ወደ አገራቸው የሚወስድ መንገድ ለማስጠረግ ማኅበር መሥርተዋል፤ ከዓለም ገና በቡታጅራ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ እንዲሠራ የለፉ እነሱ ናቸው። አባቶቻችሁ መንገዱን ሠርተዋል። እናንተ መርካቶ፣ ሐዋሳ፣ ጆሃንስበርግና ዋሽንግተን ያላችሁ የእንሴኖ፣ የቡታጅራና የቆሼ ልጆች፣ አዲስ አበባ ላይ ቀጣዩን ፎቅ ከመጀመራችሁ በፊት እንሴኖ ላይ ሃያ ንጹሕ አልጋ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሥሩ። ለብቻ ካቃታችሁ እንደ አባቶቻችሁ ተደራጁ። የዞኑ ሹማምንትም መሬቱን በመስጠትና ፈቃዱን በማፋጠን ከእነሱ ጎን ቁሙ። በሚመጣው መስቀልና አረፋ ስትወርዱም አንድ የአገሩ ተወላጅ ያልሆነ ወዳጅ ይዛችሁ ውረዱ፤ የሚያድርበትን ከአሁኑ አሰናዱለት።